በእርምጃ የተለካው ሚሲዮን

ስቶክሆልም ተማሪ ሳለሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ አይቼው የማላውቀውን የፈረሰ ግቢ ወረቀት ላይ መልሶ ማቆም ነበር። ግቢው ያለው ሰሜን ሜክሲኮ ነው፤ እኔ ያለሁት ሶደርማልም የሚባል የከተማው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ የምግብ ጠረጴዛ ዳር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስድሳዎቹ መካከል ላይ ነን። የመንገድ ሥራ ምሕንድስና እማር ነበር። በትምህርቱ ጎበዝ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ እጄ ግን ለንድፍ የተባረከ ነበር። ይህን ያየ አንድ አስተማሪያችን፣ ዓይናቸው የደከመ አንድ ጡረተኛ ኢንጂነር የድሮ ማስታወሻቸውን ወደ ፕላን የሚለውጥላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝና ላከኝ።

በዚያ ዘመን ስዊድኖች ትልቅ ሰውን በማዕረጉ ነበር የሚጠሩት። ይኼ ለእኔ ተመቸኝ። ሰውዬውን "ኢንጂነር"፣ ባለቤታቸውን "እመቤት" እያልኩ፣ አገሬ ሽማግሌዎች ፊት የተቀመጥኩ ያህል ሰውነቴ ይፍታታ ነበር። ወደ ክፍሉ ሲገቡም ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ኢንጂነሩ ፊት ለፊታቸው ያለውን ነገር አያዩም፤ የሚታያቸው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። እኔ ግን አንድም ቀን ሳልነሣ ቀርቼ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው ጠጋ ብለው፣ "አያዩህም እኮ፣ ለምን ትደክማለህ?" አሉኝ።

"እኔ አያቸዋለሁ" አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

ኢንጂነሩ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ሚሲዮን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" ብለው ጠየቁኝ። በቁመቴም በቀለሜም ሳይሆን በእውቀቴ ሊመዝኑኝ መፈለጋቸው ደስ አለኝ። እኛም አገር ጎርጎራ የሚባል የጣና ዳር ቦታ ላይ የስፔን መነኩሴ አሠራው የሚባል የድንጋይ ፍርስራሽ እንዳለ፣ በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄጄ ግድግዳው ላይ ወጥቼ በአስተማሪ ኩርኩም እንደወረድኩ ነገርኳቸው። ኢንጂነሩ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው፣ "ጣሪያው አለ? ቅስቱ ምን ዓይነት ነው? ኖራው እስካሁን ይዟል?" እያሉ አፋጠጡኝ። ከኩርኩሙ በቀር የማስታውሰው አልነበረኝም። ቢሆንም ሥራው የእኔ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ሰሜን ሜክሲኮ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ነበር። እሑድ እሑድ ሌሎቹ ሲጠጡና ካርታ ሲጫወቱ እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ደብተር ይዘው፣ ስፔኖች ያንን አገር በገዙበት ዘመን የተከሏቸውን ፍርስራሾች ፍለጋ ይወጣሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሚሲዮኖች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቄሶቹ ማደሪያ፣ የእህል ጎተራውና የሸማኔው ክፍል በአንድ ትልቅ ግቢ ዙሪያ ተያይዘው የተሠሩ። የአገሩን ሰው እየሰበሰቡ አጥምቀው የሚያሠሩበት ቦታ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሚሲዮኖቹን የሚጠብቁ ወታደሮች የነበሩባቸው የጠረፍ ምሽጎች ናቸው።

"መስቀሉ ከጠመንጃው ምን ያህል ይርቅ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ነገር ፍለጋ መሆኔ ነው።

"በፈረስ ግማሽ ቀን" አሉ ኮስተር ብለው። ልኬት እንጂ አሽሙር መሆኑ አልገባቸውም።

ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ደብተሮቹን እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቦታውን ያዩታል። አንድ ምሽግ ነበር፣ የተኩስ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ወፍ ጎጆ ሠርታባቸው፣ ኢንጂነሩ ቀዳዳ ለመለካት ጣታቸውን ሰደው ጫጩት የነካቸው። ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የፍየል በረት ሆኖ፣ መንበሩ የነበረበት ላይ አንድ አውራ ፍየል ቆሞ አላስገባ ያላቸው። የሁሉም ግድግዳ ፀሐይ ላይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ። ይህን ሲነግሩኝ፣ "ይኼማ የእኛ ሰፈር ቤት ነው" አልኩ። ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ፣ ጭዱ ስንት ቀን እንደሚበሰብስ፣ ልስን እንዴት እንደሚመታ ሳስረዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ተማሪ እኔ አስተማሪ ሆንን። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ከተማ ስለ አገሬ የማውቀው ነገር ለአንድ ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው።

አንዱ ደብተር ላይ፣ በልስኑ ውስጥ የሠራተኞች መዳፍ ታትሞ ቀርቷል የሚል አገኘሁ። "እነዚህ ሰዎች ስማቸው ማን ነው?" አልኳቸው። ቄሶቹ ተጽፈዋል፤ የምሽጉ አዛዦች ተጽፈዋል።

"አልጠየቅኩም" አሉ። ዓይናቸውን ገልጠው፣ "መጠየቅ ነበረብኝ። መዳፎቹን ሣላቸው" አሉኝ። በንድፉ ጥግ ላይ ሣልኳቸው።

እንዲህ እያልን በመከር የጀመርነው ሥራ ክረምቱን ዘለቀ። ሃያ ፍርስራሾች ጨረስን። ኢንጂነሩ ሜትር ይዘው አይዞሩም ነበር፤ የለኩት ሁሉ በእርምጃቸው ነው። የባቡር ኩባንያው ቀያሾቹን በተለካ መስመር ላይ እያስኬደ እርምጃቸውን ይፈትን ስለነበር፣ የእሳቸው አንዷ እርምጃ ልክ ሰማንያ ሳንቲሜትር እንደነበረች እንደ ልደታቸው ቀን ያውቋታል። እኔ እርምጃውን በሰማንያ አባዝቼ መሣል ብቻ ነው። አንዱም ግድግዳ አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር።

አንደኛዋን ሚሲዮን ግን ለመጨረሻ አስቀሯት። ደብተሯን ሲሰጡኝ እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያ አካባቢ አንድ የትምህርት ቤት መምህር ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ግድግዳው ፈርሶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፣ ግቢው ውስጥ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው፣ ከመቆፈሩ በፊት የድሮ ፕላን ካለዎት ይላኩልን ይላል። "ቶሎ እንጨርሳት" አሉኝ። "ግድግዳዎቹን ከገጠምክ በኋላ አንዲት ምልክት ታስቀምጥልኛለህ። እሷን ራሴ ነኝ የምነግርህ።" ምን ምልክት ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው ራሴ እነግርሃለሁ ካለ ዝም ነው።

ቁጭ ብዬ መሣል ጀመርኩ። ደብተሩ እንደሚለው አራቱም ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። ሰሜኑ ግንብ ሰባ አምስት እርምጃ፣ ምሥራቁ ሃምሳ። መልካም። ደቡቡ ግን ዘጠና አምስት! ምዕራቡም ስልሳ ሦስት። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ግቢ ፊትና ኋላው እኩል መሆን አለበት፤ ይኼንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። መስመሮቹን ስስባቸው የደቡቡ ግንብ ከግቢው አምልጦ ይሄዳል። ደጋግሜ አነበብኩ። ቁጥሮቹ በእሳቸው እጅ በግልጽ የተጻፉ ናቸው።

መናገር ነበረብኝ። "ኢንጂነር፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል" ማለት ብቻ ነው። ግን እንዴት ተደርጎ? ሰባውን አልፈዋል፣ ዓይናቸው የለም፣ የወጣትነታቸው ኩራት ያቺ የማታዛንፍ እርምጃቸው ናት። ደግሞ የዚችን ነገር ሲያነሱ ድምፃቸው የተለየ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት አባትህ ሲሳሳት ጉሮሮህን ትጠርጋለህ እንጂ ተሳስተሃል አትልም። እዚህ ቢጠርጉትስ ማን ይሰማል? ስለዚህ አንድ የሞኝ ብልጠት አደረግኩ። የሰሜኑንና የደቡቡን ቁጥር ደምሬ ለሁለት ከፈልኩ፤ የምሥራቁንና የምዕራቡንም እንዲሁ። አንዱን ግንብ ጎተትኩ፣ ሌላውን ገፋሁ። አራቱ ማዕዘን ሸጋ ሆኖ ገጠመ።

"ገጠመ?" አሉ ኢንጂነሩ ከወንበራቸው።

"ገጠመ።"

"አራቱም?"

"አራቱም፣ ኢንጂነር።"

ጀርባቸውን ወደ ኋላ ጥለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። "እንግዲያው ዓርብ ምልክቷን እናስቀምጣለን" አሉ። ባለቤታቸው ያመጡልኝን ኬክ እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

ካፖርቴን ስለብስ ባለቤታቸው የራሳቸውን ካፖርት ደረቡና፣ "እስከ ባቡሩ አብሬህ ልሂድ" አሉኝ። የቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጣቢያ አምስት ደቂቃ ነው። መንገዱ ላይ የተጠረገው በረዶ በግራና በቀኝ ተቆልሏል። ክንዴን ያዙ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ "ልጃችንን የት ልታስቀምጣት ነው?" አሉኝ።

የምን ልጅ?

"አልነገረህም ማለት ነው" አሉ። "እንደማይነግርህ አውቃለሁ። ለእኔም አልነገረኝም።"

የነገሩኝን ባጭሩ እጽፈዋለሁ፤ እሳቸውም ባጭሩ ነው የነገሩኝ። የሐዲዱ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሴት ልጅ ወለዱ። ሰባት ሳምንት ኖራ በትኩሳት ሞተች። በዚያ በረሃ መቃብር የሚባል ነገር የለም። የተባረከ መሬት በአቅራቢያው ያለው ያ ፍርስራሽ ግቢ ብቻ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ቀደም ብለው በአንድ እሑድ ዞረውት ያውቁታል። እዚያ ቀበሯት። የእንጨት መስቀል አቆሙ። ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ከዚያም አገሩ ታመሰና ወደ ስዊድን ተመለሱ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሌሎች ልጆች ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ዳሩ። ስለ መጀመሪያዋ ግን ሁለቱ ተቀምጠው አንድም ቀን አላወሩም።

"እሱ እኔን እንዳያስለቅሰኝ ዝም አለ" አሉ። "እኔ ደግሞ እሱን እንዳላስለቅሰው። የመምህሩን ደብዳቤ በአጉሊ መነጽር ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነበው መስኮቱ ሥር አየሁት። ተነሥቶ ሲሄድ አነበብኩት። ለካ ስለ እሷ ጽፎለት ኖሯል፤ መምህሩ፣ የሕፃኗን ቦታ በትክክል ከነገሩን ሳንሠራበት እንተወዋለን፣ ዛፍ እንተክልበታለን ይላል። ይኸው ነው የሚያጣድፈው።"

ጣቢያው ደረስን። ክንዴን ለቀቁ። "በደንብ እንደምትሠራው አውቃለሁ" ብለውኝ ተመለሱ።

እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩት። እኔ የሣልኩት ግቢ ከእውነተኛው በብዙ ሜትር ይለያል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ከማዕዘኑ ተነሥቶ ስለሆነ የተለካው፣ በሩም አብሮ ሄዷል። ልጅቱ የምትለካው ከበሩ ከሆነ፣ ዛፉ የሚተከለው ባዶ መሬት ላይ ነው፤ እሷ ላይ መሠረት ይቆፈራል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ትልቅ ሰው ላለማሳፈር ብዬ።

በበነጋታው ክፍል ውስጥ የተባለውን አንድም አልሰማሁም። እኩለ ቀን ላይ ከክፍሉ ወጥቼ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቆምኩ። የክረምት ማለቂያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ጥላዬ በረዶው ላይ ረጅም ሆኖ ተኝቷል። ያቺን ጥላ ሳይ የሰፈራችን ደብር ሁለት ሽማግሌ ቄሶች ትዝ አሉኝ። በጾም ቀን ሰዓቱን የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነው፤ ተረከዝ ከጣት፣ ተረከዝ ከጣት እያደረጉ። አንደኛው ሎንጋ፣ ሌላኛው ድንክ ቢጤ ናቸው። ሁለቱም ግን እኩል ሰዓት ይመጣላቸው ነበር፤ የረጅሙ ጥላ በረጅሙ እግር፣ የአጭሩ ጥላ በአጭሩ እግር ስለሚለካ። አንድ ቀን ግን አጭሩን ወገባቸውን አመማቸውና ጥላቸውን ረጅሙ ለኩላቸው። ቁጥሩ አነሰባቸውና ሰዓቱ ገና ነው አሉ። ምእመኑ ከልኩ በላይ ጾሞ ዋለና ጉድ ፈላ።

በረዶው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰባ አምስትና ዘጠና አምስት። ሃምሳና ስልሳ ሦስት። ስሕተት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስሕተት ሁለት ጊዜ በአንድ መጠን አይመጣም። ያንን ግቢ የለኩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ዓርብ ሄድኩ። ኢንጂነሩ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ከረባት አስረው ወደ ክፍሉ ገቡ። ያ ከረባት አንጀቴን በላው። እንደወትሮዬ ተነሣሁ፤ ተነሥቼም አልተቀመጥኩም።

"ኢንጂነር፣ ግድግዳዎቹ አልገጠሙም ነበር። እኔ ነኝ የገፋኋቸው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቁጥሮቹ እምቢ አሉኝ። የተሳሳቱ መሰለኝ፤ ልነግርዎ አፈርኩ። አማካዩን ይዤ አስገጠምኳቸው።"

እጃቸውን ዘርግተው የወረቀቱን ጠርዝ ዳሰሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አንተ ግድግዳ ገፋህ" አሉ። "እንደማላይ እያወቅህ።"

በሕይወቴ ብዙ ቁጣ ቀምሻለሁ፤ ከአስተማሪ፣ ከአለቃ፣ ከሚስት። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የገባብኝ የለም። ወጥቼ ብሄድ ይሻላል ብዬ ወረቀቴን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ግን ያቺ ሕፃን አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኳቸው።

"የደቡቡን ግንብ የለካው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው?" ጠረጴዛውን መቱት። "ያንን ግቢ በሐሳቤ ስንት ሺህ ጊዜ ዞሬዋለሁ!"

"እኔ ነኝ" አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ።

ባለቤታቸው ፎጣ ይዘው ቆመዋል። ወደ ውስጥ ገብተው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ለባላቸው እንጂ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። "ረስተኸው ነው። አንተ በቀኝ ሄድክ፤ ሰሜኑንና ምሥራቁን። እኔ በግራ፤ ምዕራቡንና ደቡቡን። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ተወራረድን። ማዕዘኑ ላይ ተገናኘን፤ የእኔን ቁጥር ነገርኩህ፣ ጻፍከው። ከዚያ ሌላ ነገር ነገርኩህ።"

ኢንጂነሩ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"እንደምንወልድ" አሉ።

"አዎ። እንደምንወልድ።"

"ታዲያ እንዴት ብዬ ነው ቁጥሩን ማን እንደለካው የማስታውሰው!" አሉ ኢንጂነሩ፣ ድምፃቸው ሳቅም ለቅሶም ሆኖ። የባለቤታቸውን እጅ ሲፈልጉ ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያዬን ገፍተው ጣሉት። አላነሣሁትም፤ እጃቸውን እስኪያገኙ ድረስ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ ማስመሪያዬን አንሥቼ አዲስ ወረቀት ወጠርኩ። የሰሜኑ ግንብ በኢንጂነሩ እርምጃ ስልሳ ሜትር ነው። ደቡቡም እኩል ስለሆነ ስልሳውን ለዘጠና አምስት ሳካፍለው የባለቤታቸው እርምጃ ስልሳ ሦስት ሳንቲሜትር ሆነ። በዚያው ልኬት ምዕራቡን ሞከርኩት፤ ከምሥራቁ ጋር እኩል መጣ። የቤተ ክርስቲያኑን በርና ደወሉ የሚሰቀልበትን ቅስት አስገባሁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የማደርገውን ጮክ ብዬ እናገር ነበር፤ አላመኑኝም፣ አልፈርድባቸውም። "ድገመው" ይላሉ፤ እደግመዋለሁ። አራቱ ግንብ ማንም ሳይገፋቸው ገጠሙ።

"አሁን ምልክቷን" አልኩ።

ኢንጂነሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለበሩ ጀርባህን ትሰጣለህ። ቀጥታ ወደ ደወሉ ቅስት..." አሉና ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሃያ አራት" አሉ ባለቤታቸው።

"አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ነው" አሉ ኢንጂነሩ፤ ወዲያው ግን ምን እንደሰሙ ገባቸው። "ቆጥረሽ ነበር?"

"ሣጥኑን ይዘህ ከፊቴ ትሄዳለህ፤ ጀርባህን ነው የማየው። ካልቆጠርኩ ልወድቅ ነው። ቆጠርኩ።"

"እኔም እንዳልጥላት ብዬ ቆጠርኩ" አሉ ኢንጂነሩ።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ እየተኙ፣ አንድ ማዕድ እየበሉ፣ እሳቸው አሥራ ዘጠኛቸውን፣ እመቤቲቱ ሃያ አራታቸውን ይዘው ኖረዋል። እኔ እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ቀና ብዬ ነበር የማሰላው። አሥራ ዘጠኙ በእሳቸው እርምጃ አሥራ አምስት ሜትር ከሃያ። ሃያ አራቱ በእመቤቲቱ እርምጃ አሥራ አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት። ስምንት ሳንቲሜትር ነው የሚለያዩት፤ በወረቀቱ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም።

"ልዩነቱ ምን ያህል ነው?" አሉ ኢንጂነሩ።

"እርሳስ አይገባበትም" አልኩ።

ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ። "ደግሞ እንዳትገፋው።"

ባለ ሁለት መርፌውን የንድፍ ኮምፓስ ለባለቤታቸው አቀበልኩና ከጠረጴዛው ራቅሁ። መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ የባላቸውን ልኬት ከማስመሪያው ላይ ወስደው፣ አንዱን እግር በሩ ላይ አቁመው፣ ሌላውን ወደ ደወሉ ቅስት ዘረጉና መርፌውን ወረቀቱ ውስጥ ወጉት። ከዚያ የራሳቸውን ወስደው ከዚያው በር ዘረጉ። መርፌው ጥቂት ተንከራተተ። ከዚያ የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

ባለቤታቸው ኮምፓሱን አስቀመጡ። ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቅለው በጀርባው ገለበጡትና የኢንጂነሩን አመልካች ጣት ይዘው፣ መርፌው ከበስተኋላ ያወጣትን ጉብታ አስነኳቸው። ኢንጂነሩ ጣታቸውን በዙሪያዋ ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ሌላ ነጥብ ይፈልጉ ነበር።

"አንድ ናት?" አሉ።

"አንድ ናት" አሉ ባለቤታቸው።